ከሹሩባው ሥር ያለውን ሞገድ መቅረጽ፦ ኢኢጂ ደረጃ በደረጃ

የመጀመሪያ የኢኢጂ (የአንጎል ኤሌክትሪክ ሞገድ) ቀረጻዬን ያበላሸው ፀጉር ነበር። መሣሪያው ደህና ነው፣ ኮምፒውተሩ ደህና ነው፣ ተሳታፊዋም በሰዓቷ መጥታ ወንበሩ ላይ ተቀምጣለች። ኤሌክትሮዶች (ምልክቱን ከቆዳ የሚቀበሉ ትናንሽ ብረቶች) የተሰኩበትን ካፕ ራሷ ላይ ስናጠልቀው ግን ሹሩባዋ ከሥር ወደ ላይ ገፋውና ኤሌክትሮዶቹ ከቆዳዋ አንድ ጣት ያህል ርቀው ተንጠለጠሉ። ሁለት ሰዓት ሙሉ ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ ጄል ስንጨምር ቆየን። በመጨረሻ የቀረጽነው አንጎሏን ሳይሆን የግድግዳውን ሶኬት ነው ብል አላጋነንኩም። በየመመሪያው «ካፑን አልብሱ» የሚለው አንድ መስመር ነው፤ እዚህ የምጽፈው በአብዛኛው ስለዚያ መስመር ነው። ሶፍትዌሩን ቀስ ብላችሁ ትማሩታላችሁ። ቆዳው ላይ የተበላሸን ቀረጻ ግን የትኛውም ሶፍትዌር አያድነውም።

መጀመሪያ፦ ኢኢጂ ነው የሚያስፈልጋችሁ?

ጥያቄያችሁ «መቼ?» የሚል ከሆነ ኢኢጂ ያዙ፤ «የት?» የሚል ከሆነ ሌላ መሣሪያ ፈልጉ። ኢኢጂ የሚለካው በአንጎል ኮርቴክስ (በላይኛው ሽፋኑ) ውስጥ ጎን ለጎን የቆሙ ብዙ ሺህ ነርቮች በአንድ ጊዜ መልእክት ሲቀበሉ የሚፈጠረውን የቮልቴጅ ለውጥ ነው። ለውጡን በሺህኛ ሰከንድ ይከታተላል። ቮልቴጁ ግን የራስ ቅሉን አልፎ ቆዳ ላይ የሚደርሰው ተበትኖ ስለሆነ ምንጩን በጣት መጠቆም አይቻልም። አንጎልን በመግነጢስ የሚያነሣው ኤፍኤምአርአይ የዚህ ተቃራኒ ነው። ተመራማሪው ሴይጂ ኦጋዋና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1990 ያሳዩትን በደም ውስጥ ያለ የኦክስጅን ልዩነት ተከትሎ ቦታውን በሚሊሜትር ይነግራችኋል። ደሙ ግን ዘገምተኛ ነው፤ ነርቮቹ ሥራቸውን ከጀመሩ በኋላ ምልክቱ ጫፉ ላይ ለመድረስ 5 ወይም 6 ሰከንድ ይፈጅበታል። መግነጢሳዊ መስክን የሚለካው ኤምኢጂ ፍጥነትንም ቦታንም በመጠኑ ያጣምራል። የተለመደው ዓይነት ግን ከዜሮ በታች 269 ዲግሪ በሆነ ፈሳሽ ሂሊየም የሚቀዘቅዝ፣ የውጭ መግነጢስ በማያስገባ ልዩ ክፍል የሚቀመጥ ነገር ስለሆነ ገንዘቡ ያላቸው ያስቡበት። በብርሃን የሚሠራው ኤፍኒርስም አለ፤ እሱም ቢሆን ጥቁርና ጥቅጥቅ ያለ ፀጉር ብርሃኑን ይውጥበታል። ከፀጉር ማምለጫ የለም።

ዕቃው

ለተጎነጎነ ወይም ለከርዳዳ ፀጉር ምክሬ ካፑን ትታችሁ ነጠላ የኩባያ ኤሌክትሮዶችን እንድትጠቀሙ ነው። ካፖቹ በብዛት ዞማ ፀጉርን አስበው የተሠሩ ናቸው። ኩባያ ኤሌክትሮድ የሸሚዝ ቁልፍ የምታክል፣ መሃሏ ጎድጎድ ያለች ብረት ነች፤ ከብር ወይም ከወርቅ ቅብ ትሠራለች። ብርና ወርቁን ግን በአንድ ራስ ላይ አትቀላቅሉ። ሁለት የተለያዩ ብረቶች እርጥብ ቆዳ ላይ ሲገናኙ ራሳቸው ትንሽ ባትሪ ይሆናሉና ስክሪኑ ላይ ያለው መስመራችሁ ወደ ላይም ወደ ታችም ሲንሳፈፍ ይውላል።

ከዚህ ሌላ የልብስ ሰፊ ሜትር፣ የቅንድብ እርሳስ፣ ባለጭራ ማበጠሪያ፣ የፀጉር መያዣ ክሊፕ፣ የጆሮ ጥጥ፣ ቆዳ የሚያሻሽ ጄል፣ ኤሌክትሮዱን የሚያጣብቅ ፔስት፣ ጎዝ፣ ፕላስተርና ሁለት ፎጣ ያዘጋጁ ሰዎች ሥራው አይቋረጥባቸውም። ከሁሉም የማይተካው ባለጭራው ማበጠሪያ ነው።

ምልክቱን የሚያጎላው አምፕሊፋየር በባትሪ የሚሠራ ይሁን። ከኢንተርኔት ንድፍ አውርዳችሁ ራሳችሁ የገጣጠማችሁት ከሆነ ደግሞ ይህ ምርጫ አይደለም፤ ሰው ላይ ኤሌክትሮድ አስቀምጦ ያልተፈተሸ መሣሪያን ከግድግዳ ሶኬት ጋር ማገናኘት በሰው ሕይወት መቀለድ ነው።

ከቀረጻው በፊት ባለው ቀን፦ ስልክ ደውሉ

ተሳታፊው ማታውን ፀጉሩን በሻምፖ ብቻ ይታጠብ፣ በደንብም ያድርቅ። ኮንዲሽነር፣ ቫዝሊንና የፀጉር ቅባት አይቀባ። ቅቤ ለሚቀቡ ደግሞ አንድ እጥበት አይበቃም፤ ሁለት ጊዜ በሙቅ ውኃ ያስፈልጋል። ቅቤ በኤሌክትሮዱና በቆዳው መካከል እንደ ላስቲክ ሆኖ ነው የሚቀመጠው። ይህን በትሕትና ንገሩ፤ «ፀጉርሽ ቆሽሿል» ያላችሁ እንዳይመስል።

ፀጉሯን የተሠራች ሴት ፍቺው አትበሏት። ሰዓታት የወሰደና የተከፈለበት ሥራ ነው፤ እናንተ ስላላችሁ አይፈታም። ይልቅ ከመሠራቷ በፊት ካገኛችኋት ሠሪዋን በሥራው አስገቧት። ፒትስበርግ በሚገኘው ካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ አርኔል ኤቲየን የተባለች ተማሪና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2020 ያሳተሙት ሥራ ይህንኑ ነው ያሳየው። ፀጉሩ በኤሌክትሮዶቹ መስመር ልክ ተከፍሎ ወደ ኋላ ከተጎነጎነ የራስ ቆዳው ባዶውን ይወጣል፤ ሹሩባዎቹ ራሳቸውም በመካከላቸው የሚሰካውን ኤሌክትሮድ ይዘው ያቆማሉ። ዜናውን ሳነብ ሳቅሁ። ለስንት ዘመን እናቶቻችን ሲከፍሉት የኖሩትን መስመር ምሕንድስና ገና አሁን አገኘው! እኛ አገር ያለች ማንኛዋም ሹሩባ ሠሪ ከግንባር እስከ ማጅራት ቀጥ ያለ ክፍት በአንድ እጇ ታወጣለች። የምትፈልጉትን በወረቀት ሥላችሁ ስጧት፤ አንዱ ክፍት በትክክል በራሱ መሃል እንዲያልፍ፣ ሌሎቹ ከሱ ግራና ቀኝ እኩል እንዲርቁ። የሠሪዋ ክፍያ ከምርምሩ በጀት ይውጣ።

ስለ ቡናም ጠይቁ። ካፌይን ዓይን ሲጨፈን የሚታየውን የአልፋ ሞገድ ያዳክማል። ቢሆንም ጠዋት ጠዋት የለመደን ሰው ቡና ብትከለክሉት ራስ ምታቱን ይዞ ይመጣላችኋል። የሚሻለው የመጨረሻዋን ስኒ ስንት ሰዓት እንደጠጣ መመዝገብ ነው። ጾም ላይ ከሆነም እንደዚያው።

ፈቃድ

የሥነ ምግባር ኮሚቴው ያጸደቀውን ቅጽ ማስፈረም ግዴታ ነው። ቅጹ ግን ፍርሃትን አያወጣም። ከሁሉ በላይ የሚመጡት ጥያቄዎች ሁለት ናቸው። አንዲት እናት ሽቦዎቹን አይተው እንዲህ ጠየቁኝ፦

«ልጄ፣ ኤሌክትሪክ ልታስይዘኝ ነው?»

«አይ እማማ። ይህ መሣሪያ ያዳምጣል እንጂ አይልክም። ሐኪም በማዳመጫው ልብዎን እንደሚሰማው ነው።»

«የማስበውንስ ታያለህ?»

«ዓይንዎን ሲጨፍኑ አውቃለሁ። ከዚያ ያለፈው የእርስዎ ነው።»

ማተባቸውን ማውለቅ እንዳለባቸውም ጠይቀውኝ ነበር። ለኢኢጂ አያስፈልግም። ወደ ኤምአርአይ ክፍል ሲገባ ግን ከማተብ ላይ ያለ የብረት መስቀል መውጣት አለበት፤ የመሣሪያው መግነጢስ ባለ 3 ቴስላ (የመግነጢስ ኃይል መለኪያ) ከሆነ ከምድር መግነጢሳዊ መስክ 60,000 ጊዜ ያህል ይበልጣል።

አንድ ነገር አስቀድማችሁ ወስኑ፦ በቀረጻው ላይ የሚያሳስብ ነገር ቢታይ ለማን ትልካላችሁ? የምርምር ቀረጻ ምርመራ አይደለም። እናንተ የነርቭ ሐኪም ካልሆናችሁ «የሚጥል በሽታ ምልክት አየሁ» ማለት አትችሉም፤ አይታችሁ ዝም ማለትም አትችሉም። የሐኪሙ ስም ቅጹ ላይ ይኑር።

ልኬት

ኤሌክትሮድ በግምት አይቀመጥም። ዓለም የሚሠራበት አሥር-ሃያ የሚባለው ሥርዓት ነው፤ የነርቭ ተመራማሪው ኸርበርት ጃስፐር እ.ኤ.አ. በ1958 ያሳተመው። ስሙ ከመቶኛዎቹ ነው የመጣው፤ ርቀቱ በሴንቲሜትር ሳይሆን በየራሱ መጠን 10 እና 20 በመቶ ስለሚከፈል የሕፃንም የአዋቂም ራስ በአንድ ካርታ ይለካል።

በአንድ ራስ ላይ ላሳያችሁ። ሜትሩን በሁለቱ ዓይኖች መካከል አፍንጫ ከግንባር ከሚገናኝበት ጎድጓዳ ላይ ያዙ። በአናት አሳልፋችሁ ከማጅራት በላይ በጣት ስትዳስሱት ጉብ ወደሚለው አጥንት ውሰዱት። 36 ሴንቲሜትር መጣ እንበል። አሥር በመቶው 3.6 ነው፣ ሃያ በመቶው 7.2። ስለዚህ ከአፍንጫው ጎድጓዳ ተነስታችሁ በ3.6 የግንባሩን መሃል፣ በ10.8 ኤፍዚን፣ በ18 ሲዚን፣ በ25.2 ፒዚን፣ በ32.4 ኦዚን (የኤሌክትሮድ ቦታዎች ስሞች ናቸው) በቅንድብ እርሳስ ምልክት ታደርጋላችሁ። የቀረው 3.6 የማጅራቱ አጥንት ጋ ያደርሳችኋል፤ ካላደረሰ ሜትሩ ተንሸራቷል ማለት ነውና እንደገና ለኩ።

ቀጥሎ ከግራው ጆሮ ፊት ካለው ጎድጓዳ (አፍ ሲከፈትና ሲዘጋ ጣታችሁ ሥር የሚንቀሳቀሰው) ወደ ሌላው ለኩ። 35 ከሆነ በ10.5 ላይ ሲ3፣ በ17.5 ላይ ሲዚ፣ በ24.5 ላይ ሲ4 ይውላሉ። ሁለቱ መስመሮች የሚገናኙበት ነጥብ እውነተኛው ሲዚ ነው። ኦ1 እና ኦ2 ደግሞ ከኦዚ ግራና ቀኝ የራሱ ዙሪያ ልኬት 5 በመቶ ይርቃሉ፤ ዙሪያው 55 ከሆነ 2.75 ሴንቲሜትር። ኤፍፒ1ም እንዲሁ ከግንባሩ መሃል ወደ ግራ 2.75 ነው። ጎዶሎ ቁጥር ግራ ነው፣ ሙሉ ቁጥር ቀኝ፣ «ዚ» መሃል።

ሹሩባው ምልክታችሁ ላይ ቢቀመጥስ? ሹሩባውን በማበጠሪያው ጭራ ገፋ አድርጋችሁ ሥሩን እዩ። ቅርብ ያለው ክፍት በአምስት ሚሊሜትር ውስጥ ከሆነ እዚያው አስቀምጡና ማስታወሻ ላይ ጻፉ። ከዚያ በላይ ከራቀ ያን ኤሌክትሮድ ተዉት። ቦታው በውሸት ከተመዘገበ ኤሌክትሮድ የጎደለ ኤሌክትሮድ ይሻላል።

ቆዳ ማዘጋጀትና ማጣበቅ

በዚህ ደረጃ የሚቸኩል ሰው ቀኑን ሙሉ ይከፍላል። ፀጉሩን በማበጠሪያው ጭራ ግራና ቀኝ ክፈሉት፣ በክሊፕ ያዙት። የሳንቲም ግማሽ የሚያህል ባዶ ቆዳ መታየት አለበት። በጆሮ ጥጥ ጫፍ ትንሽ የሚያሻሽ ጄል ነክራችሁ ያንኑ ቦታ አምስት ስድስት ጊዜ እሹ። ዓላማው ላዩ ያለውን የሞተ ቆዳና ወዙን ማንሳት ነው። ተሳታፊው «ያሳክካል» ካለ ደህና ነው፣ «ያቃጥላል» ካለ አቁሙ። ቆዳ መድማት የለበትም። ጥጡን ለአንድ ሰው ብቻ ተጠቅማችሁ ጣሉት፤ ኤሌክትሮዶቹም ከሰው ወደ ሰው ሳይጸዱ አይሻገሩ።

ኩባያዋን በፔስት ሞልታችሁ ቆዳው ላይ ጫን አድርጉ። ፔስቱ በዙሪያዋ ትንሽ ብቅ ማለት አለበት። ላይዋን በጎዝ ቁራጭ ሸፍናችሁ በመዳፍ ለአፍታ ያዟት። ሹሩባው ዋጋውን የሚከፍለው እዚህ ላይ ነው፦ ሽቦውን በሁለቱ ጉንጉኖች መካከል ወደ ኋላ አሳልፋችሁ በክሊፕ ብታሥሩት ኤሌክትሮዱ ተሳታፊው ራሱን ቢያዞርም አይነቃነቅም። በዞማ ፀጉር ላይ ይህን አታገኙም።

ማመሳከሪያውን (ሌሎቹ ኤሌክትሮዶች የሚነጻጸሩበትን) ከሁለቱም ጆሮዎች ኋላ ባለችው አጥንት ላይ፣ ግራውንዱን (የመሣሪያውን የጋራ መነሻ) ግንባር መሃል አድርጉ። ለጀማሪ ኤፍፒ1፣ ኤፍዚ፣ ሲ3፣ ሲዚ፣ ሲ4፣ ፒዚ፣ ኦ1 እና ኦ2 ይበቃሉ። እነዚህን ስምንቱን በደንብ ያስቀመጠ ሰው ሠላሳ ሁለት በዘፈቀደ ካስቀመጠው የተሻለ መረጃ ይዞ ይወጣል።

አሁን ኢምፒዳንሱን (ቆዳውና ኤሌክትሮዱ ለኤሌክትሪክ የሚያሳዩትን መቋቋም) አንብቡ። ከ5 ኪሎ ኦም በታች የቆየው ልማድ ነው። ዘመናዊ አምፕሊፋየሮች ከዚያ በላይም ይታገሣሉ፤ ያም ቢሆን ሁሉም መቀራረብ አለባቸው። ሰባቱ 4 ሆነው አንዱ 40 ከሆነ ችግሩ ያ አንዱ ነው። ፔስት አትጨምሩበት፤ አንሡትና ቆዳውን እንደገና እሹ። ፔስት መጨመር አስተማሪዬ ሁሉ የሚያደርገው ስንፍና ነበር። ፔስቱ ተስፋፍቶ ከጎረቤቱ ጋር ከተገናኘ ሁለቱ ኤሌክትሮዶች አንድ ይሆናሉ።

የመብራቱን ጩኸት ማባረር

የአንጎል ምልክት ከ10 እስከ 100 ማይክሮቮልት ነው። በግድግዳው ውስጥ የሚሄደው 220 ቮልት። አገራችን ላይ እሱ በሰከንድ 50 ጊዜ ይወዛወዛል፤ አሜሪካ ላላችሁ 60 ጊዜ። ስክሪኑ ላይ መስመሩ ወፍሮ ጥቁር ሪባን ከመሰለ ያ ነው።

ጩኸቱን የሚቆርጠውን የሶፍትዌር ማጣሪያ ከመጫናችሁ በፊት ምንጩን ፈልጉ። የላፕቶፑን ቻርጀር ንቀሉ፤ ብዙ ጊዜ በዚህ ብቻ ይጠፋል። የፍሎረሰንት መብራቱን አጥፉ። የተሳታፊው ስልክ ከክፍሉ ይውጣ። የማራዘሚያ ገመድ በወንበሩ ሥር አይለፍ። ሽቦዎቹን እንደ ሹሩባ አንድ ላይ ጎንጉኗቸው፤ ስትጎነጉኗቸው ሁሉም ጩኸቱን እኩል ይቀበሉና አምፕሊፋየሩ ሲያቀናንስ ይጠፋፋል። እውነቱን ለመናገር እስካሁን ከቀረጽኳቸው ሁሉ ንጹሑ የተገኘው መብራት በሄደበት ከሰዓት በኋላ ነው። ላፕቶፑም አምፕሊፋየሩም ባትሪ ላይ ነበሩ፣ ሰፈሩ በሙሉ ጸጥ ብሏል። ጎረቤት ጀነሬተሩን እስኪያስነሳ ድረስ።

ሦስት ፈተናዎች

ዋናውን ሥራ ከመጀመራችሁ በፊት መሣሪያው አንጎል እያየ መሆኑን አረጋግጡ። ፍጥነቱ በሰከንድ 250 ናሙና፣ ማጣሪያው ከ0.5 እስከ 70 ሄርትዝ (በሰከንድ ውዝዋዜ) ይሁን።

«ዓይንሽን አርገብግቢ» በሏት። ኤፍፒ1 ላይ ትልቅ ጉብታ መታየት አለበት፣ 100 ማይክሮቮልትና ከዚያ በላይ። ይህ አንጎል አይደለም። የዓይን ፊቱ ከኋላው አንጻር ፖዘቲቭ ስለሆነ ሽፋሽፍት ሲወርድ የሚፈጠር ነው። ጉብታው ወደ ታች ከወረደ አትደንግጡ፤ በሆስፒታል ልማድ ኔጌቲቭ ወደ ላይ ነው የሚሣለው። ጉብታው ኦ1 ላይ ከታየ ግን ሽቦ ተምታቶባችኋል።

«ጥርስሽን ንከሺ» በሏት። መስመሮቹ እንደ እሾህ ይቆማሉ። የጡንቻ መልክ ይህ ነው፤ በኋላ ስታዩት እንድታውቁት አሁን ተመልከቱት።

ሦስተኛው ዋናው ነው። «ዓይንሽን ጨፍኚ፣ ግን አትተኚ።» አንድ ሁለት ሰከንድ ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ኦ1 እና ኦ2 ላይ በሰከንድ 10 ጊዜ ያህል የሚወዛወዝ፣ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ እኩል የተደረደረ ሞገድ ብቅ ይላል፤ አልፋ የሚባለው ይህ ነው። «ክፈቺ» ስትሏት ይጠፋል። የአእምሮ ሐኪሙ ሃንስ በርገር በጀርመኗ የና ከተማ ከሰው ራስ ላይ ቀርጾ እ.ኤ.አ. በ1929 ያሳተመው ይህንን ነው። ብዙዎች አላመኑትም ነበር፤ ካምብሪጅ ላይ ኤድጋር ኤድሪያንና ብራያን ማቲውስ እ.ኤ.አ. በ1934 ደግመው ሲያሳዩት ነው ነገሩ ተቀባይነት ያገኘው። ጤነኛ ሆነው አልፋቸው እምብዛም የማይታይ ሰዎች ስላሉ አንዱ ተሳታፊ ላይ ብታጡት መሣሪያውን ከመውቀስ በፊት የራሳችሁን ራስ ሞክሩ።

ቀረጻው

አንድ ደቂቃ ዓይን ከፍቶ፣ አንድ ደቂቃ ጨፍኖ፣ ይህ ሦስት ጊዜ ይደጋገም። አምስት ደቂቃ በተከታታይ ማስጨፈን ሰውን ያስተኛል። እንቅልፍ ሲጫን አልፋው ይበጣጠስና ከ4 እስከ 7 ሄርትዝ ያለው ዘገምተኛ ሞገድ ይተካዋል፤ እናንተም ሳታውቁ የድካም ጥናት ሠራችሁ ማለት ነው። እያንዳንዱን «ክፈቺ» እና «ጨፍኚ» በቁልፍ ምልክት አድርጉበት። በኋላ በትዝታ የሚሞላ አይደለም።

ለጥቀው ፒ300ን መሞከር ለሚፈልጉ፦ 200 ድምፆች በጆሮ ማዳመጫ አሰሙ፤ ከነዚህ 160ው ወፍራም ባለ 1000 ሄርትዝ፣ 40ው ቀጭን ባለ 2000 ሄርትዝ፣ በዘፈቀደ ተቀላቅለው። ተሳታፊው ቀጭኖቹን በልቡ ይቁጠር። በአንድ ድምፅ ብቻ ምንም አይታይም። አርባዎቹን ግን ደርባችሁ አማካይ ብታወጡ የማይዛመደው ጩኸት በስድስት እጥፍ ያህል ይቀንሳል፤ ፒዚ ላይም ከድምፁ 300 ሚሊሰከንድ ገደማ በኋላ ፖዘቲቭ ጉብታ ይነሣል። ሳሙኤል ሱተንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1965 የገለጹት ይህ ጉብታ አንጎል ያልጠበቀውን ነገር ሲያገኝ የሚመልሰው ነው።

ለትንተናው ኢኢጂላብ ወይም ኤምኤንኢ ፓይተን የተባሉትን ሶፍትዌሮች በነጻ ታገኛላችሁ። ቀረጻውን በ4 ሰከንድ ቁራጮች ከፍላችሁ የየፍሪኩዌንሲውን ጉልበት ሥሩ፤ ጨፍኖ የተቀረጸው 10 ሄርትዝ አካባቢ ሾጣጣ ኮረብታ ያሳያል፣ ከፍቶ የተቀረጸው ላይ ኮረብታው ይቀንሳል ወይም ይጠፋል። ከዚያ ያለፈው ሌላ ጽሑፍ ይፈልጋል።

ስሙን ስትሰጡት

ፋይሉን ስታስቀምጡ በአንድ አቆጣጠር ብቻ ጻፉ። አንዴ አንድ ጥራዝ ሙሉ ቀረጻ «ሰዓት 3» ተብሎ ተቀምጦ አገኘን። በኛ ሦስት ነው ወይስ በፈረንጅ? ጠዋት የተቀረጸውን ከሰዓት በኋላ ከተቀረጸው መለየት አልቻልንም፤ ቡናውም ድካሙም እዚያ ውስጥ ነበር። ቀኑም እንደዚያው፤ የኮምፒውተሩ ሰዓት በአውሮፓ ስለሆነ ወረቀቱም በአውሮፓ ይሁን። የሰው ስም ፋይሉ ላይ አይግባ፤ ቁጥር ስጡት፣ ስምና ቁጥሩ የሚገናኙበትን ወረቀት ቆልፉበት። ኤሌክትሮዶቹ ሳይነሡ ራሱን ከላይና ከኋላ ፎቶ አንሡት፣ ፊት ሳይታይ፤ የትኛው ኤሌክትሮድ የትኛው ክፍት ውስጥ እንደነበረ በኋላ የምታጣሩት በሱ ነው።

ስትነቅሉ ሽቦውን አትጎትቱ። ፎጣ ለብ ባለ ውኃ ነክራችሁ ፔስቱ ላይ ለሁለት ደቂቃ አቆዩ፤ ራሱ ይለቃል። በሹሩባው ሥር የቀረውን በጣታችሁ ጫፍና በውኃ ፈልጋችሁ አውጡ፣ ደርቆ ፎረፎር እንዳይመስልባት። ሁለተኛው ፎጣ ለዚህ ነው። መስተዋትም አስቀምጡላት።